ለአዲሱ ዓይን የታረደ በግ

መጀመሪያ ማን እንደሆንሁ ልናገር፤ «ይሄ የምሁራን ወሬ ነው» ብላችሁ መሀል ላይ እንዳትተውት። እኔ ሞላ እባላለሁ። ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ነው የማሠራ። ገለባና አቧራ ሲተፋብኝ ይውላል። ጆሮየ በማሽን ጩኸት ደንዝዞ ስናገር ስለምጮህ፣ ሚስቴ «ከኔ ጋር ነው የምታወራ ወይስ ከማዶ ሰው ጋር?» ትለኛለች። ትዕግስት የሚሉትም ነገር ብዙ አልፈጠረብኝም።

አባታችን አያ አለልኝ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ርብ ወንዝ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። እኛ ልጆቻቸው «አባየ» ነው የምንላቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ አክስታችን አብራቸው አለች። ሩዝ ያመርታሉ፤ ሩዙ ሲነሳ በእርጥበቱ ላይ ጓያ ይበትናሉ፤ ጥቂት ከብትም አለቻቸው። ቀኝ ዓይናቸው ገና ድሮ ነው የጠፋ። በሽታው ግላኮማ ይባላል። አያምም፣ አያቀላም፤ ከዳር ከዳር እየቆረሰ ይገባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እሳቸውም አንዱ ዓይን እንደሄደ ያወቁት ሌላው ጉድፍ ገብቶበት በእጃቸው ሸፍነው የበሬ ቀንበር ሲፈልጉ ነው።

ያኔ ባህር ዳር ወስደን ሐኪም አየልን። ግራውን በጠብታ እናቆየዋለን አለ። «ማታ ማታ አንድ ጠብታ፣ እስከ ዕድሜዎ መጨረሻ። ካቆሙ ይሄኛውም ያንኛውን ይከተላል» ብሎ ነገራቸው። ጠብታውን በየወሩ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ የማደርስ እኔ ነበርሁ። ባዶውን ጠርሙስ እቀበላለሁ፣ ሙሉውን እሰጣለሁ፣ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ። የልጅነት ዕዳየን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ፊዚክስ ነው የተማረች። ምን እንደምትሠራ ስጠየቅ «ብርሃን ላይ ነው» እል ነበር፤ ሰው ግን መብራት ኃይል የተቀጠረች ይመስለው ነበር። አንድ ቀን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቃለ መጠይቅ አደረገላት፤ ማሽን አጥፍቼ አዳመጥሁ። የሷ ንግግር ልከኛ ነበር። ገና ጥፍር በምታህል መስታወት ላይ ነን፣ ትንሽ ኃይል ፈጅቶ የሚያይና የሚማር ማሽን ነው ያሰብነው፣ ለዓይን ሕክምና ይደርስ እንደሆነ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው አለች። ጋዜጠኛው ግን መዝጊያው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የፎገራዋ ልጅ ሰው ሠራሽ ዓይን ሠራች፤ ለዓይነ ስውራን ብርሃን መጣ» አለ። እኔ ሳቅሁ። ዘንድሮ ላም አለኝ በሰማይ በሬዲዮም መጣ ብየ ማሽኔን አስነሣሁ።

ያን ቀን አባየ ሬዲዮናቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከአጫጆች ጋር ማሳ ላይ ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም።

አንድ ዓመት አለፈ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትርንጎ ወደ ቤት ሳትመጣ ከረመች። በአጨዳው ወራት፣ የነቢያት ጾም ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለመለኪያ መሣሪያ ባህር ዳር መጥታ ነበርና «ሐሙስ እደርሳለሁ» ብላ ደወለች። አባየ ስልኩን ተቀብለው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያን ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።» እሷ አባቷ ለሥራዋ በማሰባቸው ደስ አላት። መኪና ውስጥ ሳለችም ደውለው «ይዘሽዋል?» አሏት። ይዣለሁ አለች።

ከመናኸሪያ ተቀብያት ባጃጅ ይዘን ወጣን። ጉልበቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አስቀምጣ ነበር። ከፍታ አሳየችኝ፤ ስስ መስታወት፣ ላዩ ላይ የዘይት ጠብታ የተለቀለቀበት የሚመስል።

«ይሄው ነው?» አልኋት።

«ይሄው ነው።»

«እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የተማርሽ ለዚህ ነው?»

ተቆጥታ ሳቀች። «ካሜራ ያያል እንጂ አይዝም፤ ያየውን ለሌላ ነው የሚያቀብል። ይሄ ግን እዚያው አይቶ እዚያው ይይዛል። አንጎላችን ውስጥ አንዱ ነርቭ ለሌላው የሚያቀብልበት መገናኛ አለ፣ ሲናፕስ ይሉታል። ሲደጋገም ይጠነክራል፣ ሲተዉት ይላላል። እኛም ያንን ነው በመስታወት ላይ ልንሠራ የምንሞክር፤ ብርሃን ሲደጋገምበት እንዲጠነክር።»

«አልገባኝም።»

«ሜዳው ላይ ሰው አንዴ ቢያልፍ ሣሩ ተመልሶ ይቆማል አይደል? ሲመላለስበት ግን መንገድ ይወጣል። ብርሃንም እዚህ ላይ ሲመላለስ መንገድ ያወጣል።»

ይሄኛው ገባኝ። ደስ ብሎኝ ለባጃጅ ሹፌሩም አስረዳሁት።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። የበግ ቆዳ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ወጡ ከውጭ ይሸታል። «ዛሬ የማን ዝክር ነው?» ብል አክስቴ እህቴን አቅፋ አለቀሰች። ትርንጎ «ለኔ ነው መሰለኝ፤ ምነው እንዲህ ተጨነቃችሁ» እያለች ገባች። ሽማግሌዎቹ ተነሡላት። አንዷ አሮጊት ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊስሙ ሲሉ አፈፍ አድርጋ አነሣቻቸው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ደስ ያላለኝ።

አባየ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ተላጭተዋል፣ አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። በቀኛቸው ቄስ ገበየሁ፣ የሰፈሩ ሁሉ የንስሐ አባት፣ ጠበል በጀሪካን አስቀምጠው መስቀላቸውን ይዘዋል። በሩ አጠገብ እማሆይ ወለተ ማርያም ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ዘወትር የሚያለቅስ ምስኪን መነኩሴ ናቸው።

ትርንጎ የአባቷን ጉልበት ስማ ተቀመጠች። ምሳ ቀረበ። አባየ እጃቸውን አልዘረጉም።

«አባየ፣ ይብሉ እንጂ» አለች።

«እኔስ አልበላም። ባህር ዳር ያኔ ሊያዩኝ ሲሉ እህል ሳትቀምስ ና ነበር ያሉኝ። ከትናንት ጀምሮ ውሃም አልነካሁ።»

«ለምኑ?»

ፈገግ አሉ። ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዙረው «እንግዲህ በየትኛው ትጀምሪያለሽ?» አሏት። «በቀኙ ነው በግራው? እኔ በግራው ብትጀምሪ እላለሁ። እሱ በቅርቡ የደከመ ስለሆነ ቶሎ ይቀበል ይሆናል።»

ቄስ ገበየሁ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጸሎቱን አድርሰናል። እጅሽን በዚህ ጠበል ታጠቢና በስሙ ጀምሪው» አሉ።

እህቴ ሳጥኗን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ በግ፣ ያ ጋቢ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ።

ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። «አባየ፣ ይሄ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባ አይደለም። መስታወት ነው። ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ተቀጥሎለት ነው የምንሞክረው።»

«ሽቦውን አላመጣሽም?»

«ሽቦው ቢኖርም አይሆንም።»

«ሬዲዮው ተናግሯል እኮ።»

«ሬዲዮው አጋነነ፣ አባየ። ዓይን አልሠራሁም።»

አባየ ለእንግዶቹ «መንገድ ደክሟት ነው» አሉ። «ትረፍ። ነገም ቀን ነው።» ያፈሩላት ለሷ ነበር፤ ሰው ፊት የተዋረደች መስሏቸው።

ትርንጎም ልታጽናና ብላ «ጠብታው እኮ አለልዎ። ግራው በጠብታው ደህና ይቆያል፤ ሞላ በየወሩ ያመጣልዎ የለ» አለች። ይህን ጊዜ እማሆይ ወለተ ማርያም ተቁነጠነጡ። አክስቴ አንገቷን ደፋች።

«ጠብታውንማ ተውሁት» አሉ አባየ።

«ምን አሉ?»

«ተውሁት። አንችን ገበሬ ወልዶሽ ይህ እንዴት ይጠፋሻል? አሮጌ ሥር ያለበት መሬት ላይ ችግኝ ይተከላል? መጀመሪያ ይነቀላል፣ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል። ጠብታው አሮጌውን ዓይን ነው የሚያኖረው። አሮጌው ካልለቀቀ አዲሱ የት ላይ ይቆማል ብየ፣ እንዲለቅ ተውሁት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሬዲዮው ከተናገረ ጀምሮ። ካምና አጨዳ።»

እኔ ጮህሁ። ማሽን ቤት እንደምጮኸው ነው የጮህሁ። «በየወሩ እያመጣሁ! ባዶውን ጠርሙስ በእጅዎ አይደለም እንዴ የሚሰጡኝ?»

«ታዲያ ልድፋው? መድኃኒት ይደፋል?» አሉኝ ረጋ ብለው። «ለእማሆይ ሰጠኋቸው። ለኔ ልጄ እየሠራችልኝ ነው፤ ለሳቸው ማን ይሠራላቸዋል?»

እማሆይ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ጠርሙሱን አወጡ። «ተርፎኛል ብሎ ነው የሰጠኝ፣ ልጆቼ። የሱን መቀማቴን አላወቅሁም» አሉና መሬት ላይ አስቀመጡት። ማንም አላነሣውም። በኋላ እንደሰማነው የእማሆይ በሽታ ትራኮማ ነው፤ ያ ጠብታ ለሳቸውም አንዳች አልረባቸውም።

ትርንጎ ጣቶቿን አባየ ፊት ዘረጋች። «ስንት ነው?»

«ተይ ልጄ፣ ሰው ፊት» አሉ ዝቅ አድርገው።

የስልኳን መብራት አብርታ ከግራ ጎናቸው ያዘችላቸው። «አሁንስ?»

«አሁን ብርሃን አለ።»

«ከየት በኩል?»

አባየ ወደ ቀኝ አመለከቱ።

ዓመቱን ሙሉ ስሄድ ስመጣ አላየሁም። ግቢያቸውን በእግራቸው ያውቁታል፣ በሬያቸውን በትንፋሹ፣ እኔን ደግሞ በጩኸቴ። እኔም እንደ መንገደኛ ከበር ላይ ነበር የምመለስ።

ወደ ውጭ ወጥቼ ቄስ ገበየሁን ያዝኋቸው። «አባ፣ አገር ሁሉ እያወቀ እንዴት ለኔ አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ያልተፈጸመ ነገር አይወራም፣ ልጄ» አሉኝ። «ወሬ ይቀማዋል። አለልኝም ለሞላም ለትርንጎም እንዳትነግሩ፣ እጇ ይሸበራል ብሎ አስምሎናል። እኛ ለበጎ ብለን ነው።» ዓይናቸው እንባ አቅሯል። እዚህ አገር ልጅ የተፀነሰ እንደሆነ አይወራም፣ በሬ ሊገዛ የሄደ አይጠየቅም። ይህም እንደዚያ ሆኖ ዓመት ሙሉ በፍቅር ተደብቆ ኖረ።

በጉ ተበላ። የተሠራ ወጥ መቼም አይደፋም። እንደ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ቀና ሳይል ነው የበላ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ባህር ዳር ተነሣን። ትርንጎ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛለች፤ ምናልባት ግፊቱ ቢወርድ ትንሽ ይመለስ ይሆናል። «አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል?» ስላት «እንጃ» ትላለች። እንደማይመለስ ግን ታውቃለች፤ ከፊቷ አነብባለሁ። ሐሙሲት ላይ መኪና ሁሉ ቆሞ ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። አባየ «የት ደረስን?» አሉ። ሐሙሲት ገበያ ከብት ሲነዱ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቦታውን ስነግራቸው «እህ» አሉ። መንገዱ ተከፍቶ ስንገባ ቀኑ አጋምሶ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየባቸው። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ አባየ አስጠግቶ ተቀመጠ እንጂ ወደኛ አልዞረም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

«አባቴ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ሞቷል» አላቸው። «የሞተ ነርቭ አይመለስም። ቀዶ ጥገናም አይመልሰው።»

«ጠብታውን ዛሬ ብጀምርስ?»

«ይጀምሩ። የሄደውን አያመጣም። የቀረችውን ምናልባት ያቆያት እንደሆነ ነው።»

«የቀረችው ምንድን ናት?»

«ቀንና ሌሊት መለየት።»

አባየ አሰቡበት። «እሷም ደህና ናት» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ መሀላችን አስቀመጥናቸው። ትርንጎ ታለቅሳለች፣ ድምፅ ግን አታሰማም። አባየ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ። ከዚያ ነው የጠየቋት።

«ያ የምትሠሪው መስታወት፣ ሲያልቅ፣ ሲሟላ ማለቴ ነው። ልጠብቀው?»

«አይደርስልንም፣ አባየ።»

«ብደርስበትስ? ዕድሜ ቢሰጠኝ?»

እህቴ ውሸት አታውቅም። ልጅ ሆና ወተት ደፍታ እንኳ ራሷ ሄዳ ነበር የምትናገር። «መስታወቱ ቢያይም፣ ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል» አለቻቸው። «መንገዱ ያ ነርቭ ነው።»

«ያ የሞተው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ጠብታው ይጠብቅ የነበረ ዓይኑን ሳይሆን መንገዱን ነው?»

መልስ ባትሰጣቸው ብየ እግዜርን ለመንሁ። ክርኔን ወደሷ ገፋሁ።

«አዎ» አለች።

አባየ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ለአዲሱ ዓይን ቦታ ሊያስለቅቁ ብለው አዲሱ ዓይን የሚመጣበትን መንገድ ነበር የነቀሉት። ይህን እኔ ማሽነኛው ከገባኝ ለሳቸው እንዴት አይገባቸውም? «ያጠፋሁ እኔ ነኝ፤ አንች አይደለሽም። ተነሡ፣ መንገዱ ሳይዘጋ እንሂድ» አሉ።

እህቴ በዚያው ሰሞን ሥራውን ልተወው ብላ ነበር። አባየ ሰምተው ጠሯትና «ብትተይው እኔ በከንቱ ታወርሁ ማለት ነው» አሏት። ይህን ብለው ጨርሰው ቆሎ ጠየቁ። እሷም ሄደች። አልተወችውም።

አሁን ወደናንተ ልዙር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሬዲዮ ላይ «ተገኘ፣ ተሠራ፣ ደረሰ» ሲሉ ስሰማ አልስቅም። የሚሰማው ማን ነው፣ ምኑን አስቀምጦ ምኑን ይጥል ይሆን እላለሁ። ጋዜጠኛውን ብረግመው በወደድሁ፤ ግን እሱም ሰውን ደስ የሚያሰኝ መስሎት ነው የተናገረ። ቤታችሁ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ባዶ ጠርሙስ አትመኑ። ሲያደርግ ቁማችሁ እዩ። ደግሞም ጠይቁት፣ «ምን እየጠበቅህ ነው?» በሉት። እኔ «ደህና ነዎት?» እያልሁ ዓመት ጨረስሁ። «ደህና ነኝ» የማይል አባት የት አለ? ማሽኔንም ሰው ሲያናግረኝ አጠፋታለሁ። ሚስቴም አስተዋለችው፤ «ምነው ዛሬ ቀስ አልህ» አለችኝ።

ትርንጎ በየሳምንቱ ትደውላለች። የምትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብርሃን ይለያሉ ወይ? አባየ ስልኩን ይቀበሉኝና «አዎ ልጄ፣ በሩ ሲከፈት አውቃለሁ» ይሏታል። እሷ እፎይ ትላለች፤ ለደነዘዘው ጆሮየ እንኳ ይሰማዋል። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን ያቺም ብርሃን የለችም። ሐኪሙ አይቶ ነግሮናል። ለሷ እንዳልናገር አባየ አስምለውኛል። ይህን ታነብብ ይሆን ብየ እፈራለሁ፤ ሳታነብበው ትኖር ይሆን ብየም እፈራለሁ።

የቤታቸው በር ማጠፊያው ዝጓል፤ ሲከፈት ይጮሃል። ባለፈው እሑድ ከማሽን ቤት ዘይት ይዤ ሄድሁና ልቀባው ቁጢጥ አልሁ። ከመደቡ ላይ ሆነው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

«ተወው፣ ሞላ» አሉኝ። «እሱ ዝም ካለ ለሷ ምን ብየ እመልሳለሁ?»